ሹም የተባለው በግ

በዚያ የጉም ቀን ኮሶዬ፣ ገደሉ አፍ ላይ ከነበረው ቤታችን ደጅ የነበርነው እነዚህ ነን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ በእናቴ ጀርባ የታዘለው ታናሽ ወንድሜ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደሴ፣ ከጎንደር የመጣው የእርሻ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አቶ ምስክር፣ የማኪናው ሾፌር፣ እኔና በጉ። በጉን ከሰው ጋር የቆጠርኩት ተሳስቼ አይደለም። ያኔ በኛ ቤት ከሰው በላይ ነበር።

ልጅ እያለሁ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በጃንሆይ ዘመን፣ ከውጭ አገር የመጡ አውራ በጎች ለዘር ተብለው ለአንዳንድ ገበሬ በአደራ ይሰጡ ነበር። ለኛ አጥቢያ የደረሰውን አባቴ ግብር ሰብሳቢው ጭቃ ሹም ፊት ቆሞ ተረከበ። በጉ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው እሱ መሆኑን ጭቃ ሹሙ ደጋግሞ ነገረው። አባቴ እየደጋገመ እጅ ነሣ።

በጉ ነጭ ነው። የአንገቱ ቆዳ እንደ ሰፊ ቀሚስ ተጣጥፏል፤ ቀንዱ ጆሮው ላይ ተጠቅልሏል። ጠጉሩ ውስጥ እጅ ሲገባ ቅባት ይይዛል፤ ሽታው ዝናብ የመታው የባና ብርድ ልብስ ይመስላል። አያ ደሴ ዞሮ ዞሮ ካየው በኋላ ስሙን ጠየቀ። በጉን በማኪና ያመጣው አቶ ምስክር ወጣትና ጨዋታ ወዳድ ነበርና ሜሪኖ እንደሚባል ነግሮን ማብራራት ጀመረ። ስሙ የመጣው ስፔን ከሚባል አገር ነው አለ። አንዳንዶች በጎቹን ባሕር አሻግረው ካመጡ ሰዎች ስም የተወሰደ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በዚያ አገር በጥንት ጊዜ ሜሪኖ ማለት የንጉሥ ሹም ነበር፣ ሹሙ የግጦሽና የመንጋ ክርክር ይዳኝ ስለነበር ስሙ ወደ በጉ አለፈ ይላሉ። የመጀመሪያውን ማንም ልብ አላለውም። ሁለተኛውን ሁላችንም ያዝን።

«የኛው ሹም በእግሩ ነው የሚመጣ፤ ይኼኛው በማኪና መጣ» አለ አያ ደሴ።

«ምነው አያ፣ ቀስ ብለህ ተናገር» አለው አባቴ።

«ግብር ይቀበላል እንዴ?»

«ገብስ ከሆነ አይመልስም» አለ ሾፌሩ።

ሁሉም ሳቁ። አባቴ ብቻ አልሳቀም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ፍርሃት ገባ። በጉ ከምንተኛበት መደብ ሥር ይታሰራል። ሳለቅስ እናቴ «ዝም በይ፣ ሹሙ ይሰማሻል» ትለኛለች። ሲተነፍስ በሰማሁ ቁጥር እግሬን ሰብስቤ እተኛ ነበር። ገብስ ከኛ በፊት ይሰፈርለታል። አባቴ ከእርሻ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ እግሩን ይዳስሳል፣ አፍንጫውን ይዳስሳል፣ ከዚያ ወደ እኛ ይዞራል።

የኛን በጎች አባቴ ክረምት ሳይገባ ይሸልታቸዋል፤ እናቴም ጠጉሩን ፈትላ ባና ታሠራለች። የዚህን ግን አልነካም። አቶ ምስክር ራሱ መጥቶ እንደሚሸልተው ነግሮን ነበር። ክረምቱ መንገዱን ዘጋውና ሳይመጣ ቀረ። ጠጉሩ አደገ፤ ግንባሩን ሸፈነ፣ ጉንጩን ሸፈነ፣ በመጨረሻ ዓይኖቹን ዋጣቸው። በጉ ፊት የሌለው ሆነ። ከግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ ውኃው አጠገቡ ተቀምጦ ያጣዋል። ድሮ ዓይኑን እፈራ የነበርኩት ልጅ፣ አሁን ዓይን ማጣቱን ይበልጥ ፈራሁ።

«ፊቱን እንኳ ይክፈቱለት» አለችው እናቴ አንድ ቀን።

«የመንግሥት ጠጉር ነው። ጎደለ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?»

አቶ ምስክር የመጣው መስከረም ካለፈ በኋላ፣ ጉም ደጃችን ድረስ በወጣበት ጠዋት ነበር። አባቴ በጉን እንዳያመልጠው ብሎ ገመዱን መዳፉ ላይ ጠቅልሎ ደጅ ቆመ። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዣለሁ። ማኪናው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል ሾፌሩ ለሰላምታ ክላክስ ነፋ። በጉ ዘለለ። የት እንዳለ አያይም፤ ድምፁን ብቻ ሸሽቶ ወደ ገደሉ ሮጠ። አባቴ አብሮት ተጎተተ።

ስንደርስ አባቴ በእርጥቡ ሣር ላይ በሆዱ ተዘርግቷል፤ ደረቱ ከገደሉ አፍ አልፏል። በጉ ከሥሩ ጠባብ እርከን ላይ ቆሞ ይወራጫል። ከዚያ በታች ጉም ብቻ ነው። ከእግሩ ሥር ጠጠር እየተፈነቀለ ይወድቃል፤ መሬት ሲደርስ ግን አይሰማም። እኔ ያን ድምፅ እጠብቅ ነበር።

«ልቀቀው አንተ ሰውዬ፣ ይግባ ገደል» ብላ ጮኸች እናቴ። በዕድሜዋ ሁሉ አንቱ የምትለውን ሰው አንተ ስትለው የሰማሁ ያን ቀን ነው።

«ይልቀቁት፣ በግ እኮ ነው» አለ አቶ ምስክር።

አባቴ አንገቱን ሳያዞር፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ሹም ነው ያሉኝ አንቱ አይደሉም?» አለው።

የአቶ ምስክር ፊት ሲለወጥ አየሁ። ካፖርቱን ጥሎ በደረቱ ተኛ። ሾፌሩ እግሩን ያዘለት፤ አያ ደሴ ደግሞ የአባቴን እግር ያዘ። አቶ ምስክር በደረቱ እየተሳበ ከአባቴ ጎን ደረሰና አንድ እጁን አውርዶ የበጉን ቀንድ ጨበጠ፤ በሌላው ከኪሱ ሰንጢ አወጣ። የዓይኑን ጠጉር መቁረጥ ጀመረ። በጉ ሲወራጭ ሰንጢው የገዛ አውራ ጣቱን ቆረጠውና ነጩ ጠጉር ላይ ደም ፈሰሰ። አልተወም።

አንዱ ዓይን ከጠጉሩ ሥር ብቅ አለ። ቢጫ ነበር። በጉ ወደ ታች አየ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ማንም ሳይጎትተው ዞረ፣ የፊት እግሮቹን አነሣ፣ የአባቴን ትከሻና ጀርባ ረግጦ ወጣና ደጃችን ላይ ሣር መጋጥ ጀመረ።

አቶ ምስክር እዚያው ተቀመጠ። «ስሙን የነገርኩዎት ለጨዋታ ነበር» አለ።

«እኛ በሹም አንጫወትም፣ ጌታው» አለው አባቴ። ገመዱ መዳፉን ልጦት ነበር።

አቶ ምስክር ጣቱን በጨርቅ አስሮ፣ የቤታችንን መቀስ አስመጥቶ በጉን ሸለተው። ጠጉሩን ለእናቴ ሰጣት። ለአባቴም ከእንግዲህ የሆነው ቢሆን ተጠያቂው እኔ ነኝ ብሎ ጭቃ ሹሙ ዘንድ ወርዶ ነገረለት። ማታ እናቴ አባቴን እንደገና አንቱ አለችው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሮ ባልጋው ላይ ሞተ። እኔ ጎንደር ተድሬ ልጆች አሳደግሁ። ባለፈው ክረምት ልጄ ሹራብ ገዝቶልኝ አንገቱ ላይ የተሰፋውን የፈረንጅ ጽሑፍ አነበበልኝ፤ ሜሪኖ። ቀሊል ነው፣ ሸጋ ነው፣ ይሞቃል። ለመልበስ ግን ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ልጆቼ ቢሮ ገብተው ከሹም ጋር ይከራከራሉ፤ እኔ ውጭ ቆሜ ልቤን ይዤ እጠብቃቸዋለሁ። እንዳልፈራ የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው። እኔም ደስ ይለኛል፤ ግን እስኪወጡ ድረስ በሩን ማየት አልተውም።

አቶ ምስክር በዓመቱ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወረ አሉ። አባቴን ገደል አፍ ላይ ጥሎት አልሸሸምና እስከ ዛሬ ስሙን በጸሎቴ አነሣለሁ፤ በሕይወት ካሉት ጋር ላንሣው ከሞቱት ጋር አላውቅም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጨፈን፣ አውራ ጣቱ ላይ የሰንጢ ጠባሳ ያለበት ሰው ነው። እሱን ወይም ልጆቹን የምታውቁ ካላችሁ፣ የት እንዳለ ንገሩኝ።