ጩኸት የሚጠብቅ እርሾ

ጋውቴ የመጥመቂያ ዕቃውን ሊሸጥ ነው የሚለው ወሬ፣ ማስታወቂያውን ኢንተርኔት ላይ በለጠፈ ማግስት የሐይቁን ዳርቻ ዞሮ ጨረሰ። ቮስ በምትባለው በዚህ መንደር ሰው መኪናውን ቢሸጥ ማንም ዞር ብሎ አያይም። የእናቱን የመዳብ ጎላና የእንጨት በርሜል ሲሸጥ ግን ታሞ ይሆን እንዴ ይባላል። ያም ሆኖ ጎረቤቶቹ ጨዋዎች ናቸውና ፊት ለፊት የጠየቀው አልነበረም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የዚህ አገር ሰው ጨዋነት አንዳንዴ ያስመርረኛል።

ምክንያቱ አራስ ልጁ ቶራ ነበረች። ጋውቴና ሚስቱ ሲግሩን ልጅ ሲጠብቁ ዓመታት ሄደዋል፤ ሁለት ጊዜ ተስፋ አድርገው ሁለቱንም ጊዜ አልቅሰዋል። ቢራ እዚህ የሚጠመቀው ለገና፣ ለሠርግ፣ ለክርስትና ነውና በእነዚያ ዓመታት ጎላው አንድም ቀን አልተጣደም። ደስታ በራቀው ቤት ማን ይጠምቃል? አሁን ቶራ መጣች። ጋውቴም ጠመቃ ሙሉ ቀን ይበላል፣ አባት የሆነ ሰው ደግሞ ቀኑ የልጁ ነው ብሎ ወሰነ። ሲግሩንን አላማከራትም። እሷም ማስታወቂያውን አይታ ምንም አላለችም። ዝምታዋን እሺታ አደረገው።

ብዙ ሳይቆይ ኤስፐን የሚባል ወጣት ከበርገን ከተማ ደወለ።

"ጎላውንም በርሜሉንም እወስዳለሁ። ግን እርሾው አብሮ ካልመጣ አልፈልግም፤ እሱንም በሕይወት መኖሩን አይቼ ነው።"

"እርሾ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም" አለ ጋውቴ። "ደግሞ ይኑር ይሙት አላውቅም።"

"እንግዲያው ቀስቅሰው። ቅዳሜ እመጣለሁ።"

እርሾው የጋውቴ እናት ከእናቷ፣ እሷም ከእናቷ የተቀበለችው ነው። በእያንዳንዱ ጠመቃ አረፋው ውስጥ የእንጨት ቀለበት ይነከራል፣ ጣሪያ ሥር ተንጠልጥሎ ይደርቃል፣ ለሚቀጥለው ይቆያል። ያሁኑ ግን ተሰቅሎ አራት ዓመት አልፎታል። ሲነኩት ጫማ ላይ እንደደረቀ ጭቃ ይፈረፈራል። ጋውቴ ሞቶ ቢገኝ ደስ የሚለው መሰለው። ከሞተ መወሰኑ ቀረለት።

ዓርብ ገና ሲነጋጋ ጎላውን ጣደ። ውሃውን ከጥድ ቅርንጫፍ ጋር አፈላ፣ ብቅሉን በጠበጠ፣ አጣርቶ በርሜሉ ውስጥ ገለበጠና እስኪበርድ ጠበቀ። እጁ ምንም አልረሳም። ሙቀቱን እንደ እናቱ በክርኑ ነው የሚለካው፤ አሁን የታለበ ወተት ያህል ለብ ሲል እርሾው ይገባል። ክርኑን ነከረና እንደነከረ ቀረ። ትናንት ቶራን ያጠበበት ውሃ ሙቀት ነው። አዋላጇ በመጀመሪያው ቀን "በክርንህ ለካው" ስትለው ልክ የሆነውን ውሃ ባንዴ ቀድቶ ነበር፤ ያኔ ከየት እንዳወቀው አላሰበም። እናቱ የልጅ ልጇን ሳታይ ነው የሞተችው። ለካ ለቶራ የሚሆነውን እሱ ክርን ላይ ትታላት ነው የሄደችው።

ቀጥሎ መጮህ ነበረበት። እርሾ ሲጨመር ጠማቂው ሳንባው የቻለውን ያህል ይጮኻል፤ ቢራው የሚበረታው በጩኸቱ ልክ ነው ይባላል። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፤ እዚህ ግን ሳይጮህ ጠምቆ ለተበላሸበት ሰው ማንም አያዝንለትም። ጋውቴ አፉን ሲከፍት የመኝታ ቤቱን ክፍት መስኮት አየ። ሲግሩንና ሕፃኗ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገሉ አድረው ገና አሁን ነው የተኙት። ቀለበቱን ቀስ አድርጎ ጣለና "ሄይ" አለ፣ በሹክሹክታ።

ምሳውን ዘግይቶ በላ። በደህናው ጊዜ ምሳ ሳያልቅ አረፋ ይታይ ነበር። ጆሮውን በርሜሉ ላይ ለጠፈ። ዝም ነው። ሄዶ እንጨት ፈልጦ ተመለሰ። አሁንም ዝም ነው። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል፣ እፎይታ ብሎ የጠበቀው ነገር ሐዘን ሆኖ መጣበት። ስንት እናት ያሻገረችው ነገር እሱ እጅ ላይ ሞተ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

"ምን ሆነሃል?" ሲግሩን ቶራን እንደተኛች ደረቷ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

"እርሾው ሞቷል።"

"መቼ ጨመርከው? ጩኸትህን አልሰማሁም።"

"ተኝታችሁ ነበራ።"

"በሹክሹክታ ነው የቀሰቀስከው? ትራስስ አላቀረብክለትም?"

ጋውቴ ሳይወድ ፈገግ አለ። እሷ ግን አልሳቀችም።

"ለመሆኑ ማን ሽጥ አለህ?"

"ለእናንተ ብዬ ነዋ። ጠመቃ ቀን ይበላል።"

"እኔን ጠየቅከኝ?"

"አንቺስ? አይተሽ ዝም አልሽ።"

"የእነዚያን ዓመታት ዕቃ ማየት ያስጠላህ መስሎኝ ነው። አላስጨንቀው ብዬ።" ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "እኔ እኮ ከተወለደች ጀምሮ መቼ ይጠምቅላት ይሆን እያልኩ ነው።"

"ታዲያ አትነግሪኝም?"

"አንተስ?"

እርስ በርስ ሲተዛዘኑ የቤታቸውን ደስታ ለበርገን ሰው ሊያስረክቡት ነበር።

"በል ያዛት" ብላ ሕፃኗን ሰጠችው። በርሜሉ ላይ ጎንበስ አለች፣ አየር ሳበች፣ ጮኸች።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ የሰማው ቶራ በተወለደች ቀን ብቻ ነው። ጩኸቱ በበሩ ወጣ፣ ሐይቁን ተሻገረ፣ ተራራው ተቀብሎ መለሰው። ቶራ ነቃች። አላለቀሰችም፤ ዓይኗን አፍጥጣ እናቷን ታያለች። ያኔ ከሐይቁ ማዶ ሌላ ጩኸት መጣ። ጎረቤታቸው ሽማግሌው አስላክ ነው፣ ያ ጎርናና ድምፁ አይጠፋም። ከላይኛው እርሻ አንዲት ሴት ተቀበለችው፣ ከታች ደግሞ ሌላ ሰው። ያ ሁሉ አፉን ይዞ የከረመ ጎረቤት ለካ ይህን ሲጠብቅ ኖሯል።

ጋውቴ ጎንበስ ብሎ የቶራን ጆሮ ከበርሜሉ ጎን አስነካ። እጇን መጥባት ትታ ጸጥ አለች። እሱም አጠገቧ ጆሮውን አኖረ። ከእንጨቱ ውስጥ ስስ ድምፅ ይመጣል፣ ደረቅ ቅጠል ላይ የሚጀምር ካፊያ ይመስላል። ቀና ሲል መሐል ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አየ፤ እያያት ሰፋች። ጩኸቱ ነው ወይስ ጊዜው ደርሶ ነው? እኔ በዚህ አልከራከርም። አራት ዓመት ደርቆ የተሰቀለ ነገር፣ በአንድ ሕፃን ገላ ሙቀት ውስጥ እየተነፈሰ ነበር።

በማግስቱ ኤስፐን ሲመጣ አረፋው የበርሜሉን አፍ አልፎ ነበር። ኮፍያውን አወለቀ። ጋውቴ ከአረፋው በማሰሮ ቀድቶ ሰጠው።

"ይኸው። ስትጨምረው ግን ጩህ።"

"የምኖረው እኮ አፓርታማ ነው።"

"ቢሆንም ጩህ።"

"ዕቃውስ?"

ጋውቴ ወደ ሲግሩን ዞረ። "ምን ትያለሽ?"

"የጎላው ባለቤት ተኝታለች" አለች ሲግሩን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ስታድግ መጥተህ ጠይቃት።"

ኤስፐን ማሰሮውን እንዳይበርደው ጃኬቱ ውስጥ ደረቱ ላይ ሸጎጠና፣ የመኪናውን በር ቀስ ብሎ ዘግቶ ሄደ።