አራተኛው ቱቦ

አሁንም የጠፋ ሞተር እየበረደ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ስሰማ እጄ ሥራ ያቆማል። የጋለ ብረት ሲኮማተር የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ሙያዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ልቤ ግን ይህን አይሰማም፤ ሳነቲ ተራራ ላይ፣ ጉም ውስጥ ይዞኝ ይሄዳል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በብየዳ ተመርቄ ሮቤ ከተማ በአጎቴ ጋራዥ እሠራ ነበር። አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የብየዳ ብርሃን ያየው ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር፣ የበየድኩትን በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር የሚመረምሩት። ጣታቸው የማይደርስበትን እኔን ይጠይቁኛል። "እርግጠኛ ነሽ?" ይላሉ። "አዎ" ካልኩ አለቀ።

አንድ ቀን ሳነቲን ተሻግሮ ደሎ መና ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር መጣ። ዳገቱ ላይ አየሩ ሲሳሳ ፒካፑ ትንፋሽ እያጠረው ቢያስቸግረው፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ያገለገለ ቱርቦ ገዝቷል። የቱርቦው አፍ ግን ከሞተሩ የጭስ መውጫ ጋር አልገጥም አለ። ሁለቱን የሚያገናኝ ቱቦ ገበያ ላይ አይገኝም፤ መሠራት ነበረበት። አጎቴ ወደ እኔ ዞረው "አንቺ ንደፊው" አሉ።

ሳምንት ፈጀብኝ። ከአራቱ ቀዳዳዎች የሚወጣው ጭስ ሳይገፋፋ ተራ በተራ ቱርቦው ጋ እንዲደርስ፣ የአራቱ ቱቦዎች ርዝመት መቀራረብ አለበት። የመሪውን ዘንግ ሳይነኩ እንዲያልፉ መንገዳቸውን መጀመሪያ በሽቦ አወጣሁ። ከዚያ ወፍራም ቱቦ ውስጥ ደረቅ አሸዋ ጠቅጥቀን፣ በእሳት እያቀላን አጠፍነው። ያ የጋለ አሸዋ ሽታ ልብሴን ለቀናት አልለቀቀም።

አራቱ በሚገናኙበት አንገት ላይ፣ ከአራተኛው ቱቦ ሥር፣ የብየዳው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ በደንብ የማይደርስበት ጠባብ ቦታ ነበር። እንደምንም በየድኩት። በትንሽ መስታወት ሳየው አልወደድኩትም፤ ብየዳው ብረቱ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልሰረገም። ግን ሾፌሩ በር ላይ ቆሟል። የጎረቤት መካኒኮች "ሴት ልጅ ቱርቦ ትገጥማለች አሉ" ብለው ሊያዩ መጥተዋል። አጎቴ እየዳሰሱ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው አልገባ አለ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አዎ።"

በማግስቱ ጠዋት ሾፌሩ ለሙከራ ሲነሳ እኔም ገባሁ። ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ጎባን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ቱርቦው አፏጨ። ሾፌሩ "ማሻ አላህ!" እያለ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ጉሙ ውስጥ ስንገባ ግን ከፉጨቱ ሥር ትክ ትክ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ጭስ አፈትልኮ ሲወጣ እንዲያ ነው የሚለው። ቀጥሎ የሚቃጠል ጎማ ሸተተኝ። ብናገር ውሸቴ ይወጣል። ዝም ብል፣ የፍሬን ዘይቱ መያዣ ከዚያ ቱቦ አንድ ክንድ አይርቅም፤ ከተቃጠለ ፍሬን የለንም፤ በጎናችን ያለው ደግሞ ገደል ነው። ምን ልበልህ፣ ሁለት ኩርባ ሙሉ ዝም አልኩ። ዛሬም የማፍረው በእነዚያ ሁለት ኩርባዎች ነው።

"ቁም!" አልኩ በመጨረሻ። "አራተኛው ቱቦ አልያዘም። አውቅ ነበር።"

ሞተሩን አጥፍቶ ኮፈኑን ከፈተ። ቱቦው ፍም መስሏል፤ የፍሬን ዘይቱ መያዣ አጠገብ ያለው የጎማ ሽፋን መጨስ ጀምሯል። ሾፌሩ እርጥብ አፈር እየዘገነ አጠፋው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ሦስት ልጆች አሉኝ" አለ ቀስ ብሎ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሞተሩ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ እስኪበርድ ድረስ ብርዱ ውስጥ ቆምን። በኋላ "ነይ ግቢ፤ ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ" አለኝ። እያዘገምን ወረድን።

ለአጎቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። "እኔኮ ብረቱን አላይም፤ የማየው አንቺን ነው" አሉ። ከዚያ ራሳቸው የብረት መቁረጫውን ግራይንደር አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት። አራቱንም ቆረጥኩ። በሁለተኛው ንድፍ አራተኛው ቱቦ ከላይ ዞሮ እንዲገባ አደረግኩ፤ ጣት የማይገባበት ቦታ አልተውኩም።

ሾፌሩ አዲሱ ቱቦ ተገጥሞለት፣ ጭኖ ደሎ መና ደርሶ ሊመለስ በሄደ ቀን፣ አጎቴ ከቀትር ጀምሮ በርጩማቸውን ጋራዡ በር ላይ አውጥተው ወደ ጎባ መንገድ ዞረው ተቀመጡ። ቢመጣም አያዩትም። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። የከሰዓቱ የአስር ሰላት ሰዓት አለፈ። ጥላው ረዘመ።

"መጣ" አሉ ድንገት።

እኔ ገና ምንም አልሰማሁም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ፉጨቱ ከሩቅ መጣ፤ ንጹሕ፣ ያልተሸራረፈ። አጎቴ እጄን ያዙ። ሊያበረቱኝ መስሎኝ ነበር፤ የያዙኝ ግን ራሳቸው ሊደገፉ ነበር። ለካ ቀኑን ሙሉ ሲፈሩ ውለዋል።

አጎቴ ዛሬ የሉም። ያን ቀን መኪናው በራችን ላይ እስኪቆም ድረስ እጄን ሳልስብ ቆየሁ።