መቀስና የላይ ሰፈር ውሃ

ምራቴን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «መቀስ» ነው የሚሏት። በክልሉ ፋይናንስ ቢሮ የበጀት ባለሙያ ናት። ትምህርቱም፣ ጤናውም፣ መንገዱም ለዓመቱ የሚፈልገውን ገንዘብ ጽፎ ሲያመጣ፣ ከላዩ ላይ የምትቆርጠው እሷ ናት። ስሙን ያወጡላት የተቆረጠባቸው ናቸው። እሷ ግን አልከፋትም። «ቢላ ከሚሉኝ ይሻላል፤ መቀስ ልብስ ሰፊም እጅ ይገባል» ትላለች።

ልጄ ሊያስተዋውቀኝ ይዟት የመጣ ቀን፣ ገና ወንበር ሳትይዝ ጓዳ በር ሥር የተደረደሩትን ባልዲዎች አየች። እኛ ላይ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ሲያሻው ስለሆነ አጠራቅመን ነው የምንኖረው።

«እማ፣ ሁሉም ተከድነው ይኼ አንዱ ለምን ክፍት ሆነ?»

«ክዳኑ ጠፍቶ ነው ልጄ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይተወው ነበር። እሷ ግን «መቼ ጠፋ?» ብላ ቀጠለች። ያን ዕለት ወደድኳት።

ዘንድሮ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አገኘኋት። በስተርጅና ፊደል የቆጠረ ሰው የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳያነብ አይጥልም፤ እኔም አንገቴን አስግጌ «የበጀት ጉድለት» የሚለውን አነበብኩ።

«አንቺ፣ የሌለ ነገር ደግሞ እንዴት ይጻፋል?»

ሳቀች። «እማ፣ ክልሉ ከግብር፣ ከሌላ ከሌላውም አገኛለሁ የሚለው ይኼ ነው። አወጣለሁ የሚለው ደግሞ ይኼ። ወጪው ይበልጣል። በመካከል ያለው ክፍተት ነው ጉድለት የሚባለው። ወይ በብድር ይሞላል፣ ወይ ከወጪው ይቆረጣል።»

«ታዲያ አያሳፍርም?»

«መጉደሉ ብቻውን አያሳፍርም። ምን ሲሠራ ጎደለ ነው ጥያቄው። ለድልድይ መበደርና ለቢሮ መጋረጃ መበደር አንድ አይደለም።»

ልጄ ፊቱን ሊታጠብ ሄዶ ከጓሮ ጮኸ፦ «የመንግሥትን ጉድለት ስትለኪ የእኛ ባልዲ ባዶውን ቀረ!»

«ተራው ያንተ ነው» አለችው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል።

ያን ሰሞን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቷት ነበር። እንደነገረችኝ ከሆነ በመሥሪያ ቤቶቹ ዘንድ የቆየ ልማድ አለ። የበጀት ክፍል ከጥያቄው ሲሶውን እንደሚቆርጥ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ጠያቂው አስቀድሞ ያንኑ ያህል ጨምሮ ይጽፋል። «እነሱ ይነፋሉ፣ እኛ እናስተነፍሳለን» አለችኝ። የጠየቁትን፣ የተፈቀደላቸውንና የሠሩትን ጎን ለጎን አስቀምጣ ስታይ ሌሎቹ ሁሉ ተቆርጦባቸውም ያቀዱትን ጨርሰዋል። ውሃ ቢሮ ብቻ ቦዩን ቆፍሮ፣ ቧንቧውን ቀብሮ፣ ፓምፑ ጋ ሲደርስ ቆሟል።

«ሰነፎች ይሆናሉ» አልኩ።

«እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር። ግን ለምን እነሱ ብቻ?»

ሰኞ ዕለት ወደ ውሃ ቢሮ ሄደች። ኃላፊው ከፋብሪካ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ለመንግሥት ሥራ አዲስ ነው። «ምን ያህል ጨምረው ነበር የጠየቁት?» ብትለው ዓይኑን አፈጠጠ። «ምን ብዬ እጨምራለሁ? የፓምፑ ዋጋ የታወቀ ነው!» በልኩ ነበር የጠየቀው። ልማዱን የነገረው ሰው የለም።

ማታ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «እማ፣ ከሌሎቹ የቆረጥኩት አየር ነው። ከእሱ የቆረጥኩት ሥጋ ነው።»

ክፉ አጋጣሚ ሆነና ዘንድሮ ጉድለቱ ሰፍቶ፣ አለቃዋ ከሁሉም ላይ እኩል አንድ አሥረኛ ተጨማሪ ቆርጣ ለምክር ቤቱ የበጀት ኮሚቴ እንድታቀርብ አዟታል። ያ ከሆነ ፓምፑ ዘንድሮም የለም። ለአለቃዋ ብትነግረው «እኩል መቁረጥ ከክርክር ያድናል» ብሎ መለሳት።

ጭንቋ ግን ሌላ ነበር። ፓምፑ ውሃ የሚገፋው ወደ አካባቢው መንደሮችና ወደ እኛው ሰፈር ነው። «ለራሷ ቧንቧ ተሟገተች» ከተባለች፣ ከዚያ ወዲያ ያወጣችውን ቁጥር ማን ያምናታል? ያላት ሀብት መታመኗ ነው።

«ዝም ብልስ?» አለችኝ።

«እስከ መቼ?» አልኳት። ጥያቄ ከእሷ ተምሬያለሁ።

የኮሚቴው ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ስለነበር ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። የጣሪያው ማራገቢያ ይንቋቋል፤ ድምፅ ማጉያውን ሦስት ሰው መትቶት ነው የሠራው። ተራዋ ሲደርስ ወረቀቷን አልገለጠችም።

«አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ቤቴ ላይ ሰፈር ነው። አማቴም ያቻት፣ ከኋላ ተቀምጣለች። ስለዚህ አሁን የምለውን ከእኔ አትቀበሉ። ሠንጠረዡን ውሃ ለማይቸግረው የታች ሰፈር ሰው ስጡትና ይመርምረው።»

አዳራሹ ወደ እኔ ዞረ። መግቢያ አጣሁ። እሷ ግን ውሃ ቢሮ በልኩ ጠይቆ እንደተቆረጠበት ከሠንጠረዡ አስረድታ፣ እኩል መቁረጡ ይቅር አለች።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን ይመርምረው ትያለሽ?»

«የቢሯችን የሒሳብ ኃላፊ። ታች ሰፈር ነው የሚኖሩት። ደግሞ አይወዱኝም።»

ሳቅ ሆነ። ኃላፊው፣ ሁልጊዜ «መቀስ ዶልዱማለች» እያለ የሚያሾፍባት ሰውዬ፣ ወረቀቱን እያጉረመረመ ወሰደ። ከምሳ በኋላ ተመልሶ ቆመ። «አለመውደዴ እንዳለ ነው» አለ። «ቁጥሩ ግን ልክ ነው።»

የመንገዱ ኃላፊ ከመቀመጫው ተነሣ። «በልኩ የጠየቀ ሊታለፍለት ነው? እኛስ?»

«እርስዎም በልኩ ይጠይቁ» አለችው ምራቴ። «ዋጋውን በማስረጃ ያምጡ፤ ማስረጃ ያለውን አልነካም።»

«ያኔ አንቺ ምን ትቆርጫለሽ?»

«ሥራ እፈታለኋ!»

ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ እኩል መቁረጡ ቀረና ማስረጃ ከሌለው ላይ ተቆረጠ። ጉድለቱ አልተዘጋም፤ ጠበብ አለ እንጂ። ፓምፑም ተፈቀደ። ሰብሳቢዋ ግን ብዕራቸውን ሳያስቀምጡ ወደ እሷ ዞሩ። «የኔ እህት፣ ለሐሜት በር እንዳይከፈት፣ መስመሩ ሲገናኝ ከሌሎቹ መንደሮች ይጀመራል። የአንቺ ሰፈር መጨረሻ ነው።»

«ይሁን» አለች። ወዲያው።

ሌሎቹ መንደሮች ውሃ አግኝተዋል። እኛ እስካሁን ቦኖው ጋ ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን። ባለፈው እሑድ አብረን ቆመን ሳለ ከፊታችን የቆመችው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ወደ እኛ ዞረች። «አንቺ መቀስ የሚሉሽ፣ ሰው ለሰፈሩ ያደላል፤ አንቺ ሰፈርሽን ቆርጠሽ ጣልሽ! ለምንድን ነው እኛ መጨረሻ የሆንነው?»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ምራቴ ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷ በርቷል፤ የተሰደበ ሰው ፊት አይደለም።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለችና ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች። «መጀመሪያ ጉድለት ምን እንደሆነ ልንገርሽ።»

ልብስ ሰፊዋም ጀሪካኗን አስቀመጠች። ሌሎች ሁለት ሴቶች ጠጋ አሉ። ወሬው እየገፋ ሲሄድ አንዷ «አየር ቆረጥኩ ማለት እንዴት ነው?» አለች፤ ሌላዋ «ቆይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልን» አለች። እኔም እየሰማሁ ሳለ ወረፋችን አለፈን።