የተፈረመበት ሃያ ዶላር

አባቴ ካልጋሪ ውስጥ በስንት ሠርግ ላይ ቤዝ ጊታር እንደተጫወተ እሱ ራሱ አያውቀውም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ሠርግ አንድም ሰው ግንባሩ ላይ ብር ለጥፎለት አያውቅም።

ሽልማት የዘፋኙ ነበር። ከቶሮንቶ የመጣ ዘፋኝ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ሲዘፍን አክስቶቼ ከቦርሳቸው ብር ያወጡና "ሂጂ ሸልሚው" ብለው ይልኩኛል። ያኔ የካናዳ ብር ወረቀት ስለነበር ላብ ሲያገኝ ጥብቅ ይላል። ዘፋኙ ጋ ለመድረስ በአባቴ ፊት ማለፍ ነበረብኝ። ከድራመሩ አጠገብ ግራጫ ኮቱን ለብሶ ይቆማል፤ ሲያየኝ ቅንድቡን ከፍ ያደርግልኛል። እኔ ብሩን በሁለት እጄ ይዤ አልፌው እሄዳለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አባትሽን ሸልሚ ያለኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ዓመታት ሲጨመሩ ደግሞ ባሰብኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ አንዲት የክፍሌ ልጅ የአንድ እንግሊዛዊ ባንድ ሲዲ አዋሰችኝና ለከፈኝ። ፖስት ፐንክ ይሉታል፤ ጥቁር የለበሱ፣ ፈገግታ የማያውቁ ሰዎች ሙዚቃ ነው። ጊታሩ ጥግ ይዞ ይቧጭራል፣ ዘፋኙ ያጉረመርማል፣ ዜማውን ተሸክሞ የሚሄደው ቤዙ ነው። ቤዙን የሚጫወተውን ሰውዬ ፎቶ አልጋዬ ራስጌ ሰቀልኩት። ሠርግ ስንጠራ የለስላሳው ሳጥን የተደረደረበት ጥግ እሄድና ጆሮዬን በኢርፎን ደፍኜ እቀመጣለሁ። አባቴ በአሥር ሜትር ርቀት ላይ ቤዝ ሲጫወት፣ እኔ እዚያው አዳራሽ ውስጥ የሌላ ሰው ቤዝ እሰማ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ቀይ መብራት ላይ "እስቲ አሰሚኝ" ብሎ አንዱን ኢርፎን ከጆሮዬ ወሰደ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እሱ ግን አልነዳም። ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ።

"ይሄ ሰውዬ ጎበዝ ነው" አለኝ። "የሚዘፍነው እኮ ቤዙ ነው።"

"አባዬ፣ አንተ እንዲህ ዓይነት ሙዚቃ አይገባህም" ብዬ ነጠቅኩት። በወቅቱ እንዳልሰማ ሆኖ ነዳ። እኔም እንዳልተናገርኩ ሆንኩ።

ከጊዜ በኋላ ሠርጉን ሁሉ ኪቦርድ ወረሰው። አንድ ሰው ብቻውን ይመጣል፣ ከበሮውንም ዋሽንቱንም ከሳጥኑ ያወጣል፣ ቤዙን በግራ እጁ ይነካካል፤ ሰዉም እስክስታውን ይወርዳል። ቤዝ ተጫዋቹ የት ሄደ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። ሥራ ይዤ፣ ሳቫና የሚባል ሰፈር ቤት ገዝቼ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ቀን ስልክ ደውዬ "ቅዳሜ የምትጫወትበት ሠርግ አለ እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩት። "የምን ሠርግ?" አለኝ። ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ባለፈው ክረምት ያ የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ የነበረው ሰውዬ ካልጋሪ መጣ። ባንዱ ፈርሷል፤ እሱም ወደ ሰባ ዓመት ተጠግቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ቤልትላይን ሰፈር ባለ አንድ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ጥቂት ሊጫወት፣ ከዚያ ለአድናቂዎቹ ሊፈርም ነው። መኪናዬ ጋራዥ ነበረች። ወላጆቼ ቤት፣ ካስልሪጅ፣ ለአባቴ ደወልኩለት።

"አባዬ፣ ቅዳሜ ራይድ ትሰጠኛለህ? ዳውንታውን አካባቢ ነው።"

"ምን አለ?"

"አንድ ቤዚስት ሊጫወት ነው።"

"እኔንም ያስገቡኛል?"

የፈለግኩህ ለመኪናው ነው ማለት አቃተኝ። "ከፈለግክ" አልኩት። ቅዳሜ ሲመጣ ያንን ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። የት ልትሄድ ነው ብዬ ልቀልድበት አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው እየቀለጠ ነበር፤ ሰልፉ ውኃ እየረገጠ የሕንፃውን ጥግ ዞሯል። ሁሉም የእኔ ብጤ ነው። ራሳቸው የገባ፣ ጥቁር ጃኬት ሆዳቸው ላይ አልዘጋ ያላቸው ወንዶች፣ ሽበታቸውን ጥቁር የተቀቡ ሴቶች። ሰውዬው በስንተኛው ሸክላ ላይ ምን ዓይነት ክር እንደተጠቀመ ይከራከራሉ። አንዱ የቤዝ ጊታሩን ሥዕል ክንዱ ላይ ተነቅሶታል፤ ከፊታችን ዞር ብሎ "ይህ ሰው ሕይወቴን አትርፎልኛል" አለን።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በአማርኛ "ሐኪምም ነው እንዴ?" አለኝ።

መሳቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው ፊት እንዳዋረደኝ ቆጥሬ ተኮሳተርኩበት።

ሱቁ ሞቃት ስለነበር ካፖርቴን አወለቅኩና ለአባቴ ሰጠሁት። እሱ ከኋላ መደርደሪያው ጋ ቆመ፤ እኔ ተጋፍቼ ፊት ደረስኩ። ሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀምጦ መጫወት ጀመረ። እጁ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ ግን ያው ነው። አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ስል አባቴ ካፖርቴን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ የግራ እጁ ጣቶች ጨርቁ ላይ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ከሰውዬው ጋር አብሮ እየተጫወተ ነበር። አየሁት፣ ወደ ፊት ዞርኩ።

ከዚያ በኢርፎን ስሰማው ያደግኩትን ዜማ ጀመረ። ምን እንደነካኝ እስካሁን አላውቅም። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ሃያ ዶላር አወጣ፤ እግሬ ወደ ወንበሩ ሄደ፤ የሰውዬው ግንባር ላይ ለጠፍኩት። ፕላስቲክ ነውና ተንሸራተተ። በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ መለስኩት። ሱቁ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌው ብሩን ግንባሩ ላይ እንደያዘ ዜማውን ጨረሰና ማይክሮፎኑን ሰጠኝ። ምን ማለት ነው አለኝ።

"በእኛ ባህል" አልኩ በእንግሊዝኛ፣ "ሙዚቀኛ ልባችንን ሲነካን እንዲህ ነው የምናከብረው።"

እኛ አልኩ። ያለ ምንም ሐፍረት።

ተጨበጨበ። ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሕይወቱ እንዲህ ያደረገለት እንደሌለ ተናገረ፤ ሰው ሁልጊዜ የሚያየው ዘፋኙን ነው አለ። እኔ አለቀስኩ። ባለ ንቅሳቱ አቀፈኝ። ሽማግሌው ብሩ ላይ በጥቁር ማርከር ፈርሞ መለሰልኝ፤ ማስታወሻ ይሁንሽ አለኝ። ዞር ስል አባቴ ካፖርቴን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከሰው ጋር እያጨበጨበ ነበር። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ዲርፉት መንገድ ገባን። እኔ ብሩን ደጋግሜ አያለሁ። እሱ መንገዱን እያየ፣ ድንገት፣

"ለካ ቤዝ ተጫዋችም ይሸለማል" አለ።

ምሬት የለበትም። አዲስ ነገር እንደሰማ ሰው ነው የተናገረው። ሬዲዮውን ከፈትኩት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያቺ ቃል ስትወጋኝ ከረመች። እሑድ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ካስልሪጅ ሄድኩ። የማደርገውን መንገድ ላይ ተለማምጄዋለሁ፤ ይጫወታል፣ እነሣለሁ፣ ግንባሩ ላይ እለጥፍለታለሁ፣ ይቅርታ እለዋለሁ።

"አባዬ፣ እስቲ ቤዝህን አምጣው።"

"ለማን?"

"ለእኔ።"

ምድር ቤት ወርዶ ሳጥኑን ይዞ መጣ። አምፕሊፋየሩን ከሸጠው ቆይቷል። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እኔም ድምፁ እንዲሰማኝ ወንበሬን ጉልበቱ ድረስ አስጠጋሁ። ያን በየሠርጉ የሚጫወተውን ዜማ ጀመረ። ጣቶቹ ደርቀዋል፤ ሁለት ጊዜ ሳተ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረ። በሦስተኛው ገባለት። ግንባሩ በላብ ወዛ። ያንን ሁሉ ዓመት አጠገቡ ሳልፍ እንዲህ ይጫወት እንደነበር ያን ቀን ሰማሁ። ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ ነበር።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ካርድ፣ ካርድ፣ የመድኃኒት ቤት ካርድ። ዛሬ ማን ካሽ ይይዛል? መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ብር ማውጣት አልታወሰኝም። ያለችው ያቺ የተፈረመባት ሃያ ዶላር ብቻ ናት። ጣቴ ነካት፣ ቆመ።

ብዙ አልቆየሁም። ግን አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከኋላ ቆሞ የሌሎችን እጅ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። መጫወቱን አቆመ። ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ።

"ተይው ልጄ" አለኝ። "አልቦኛል፤ ፊርማው ይለቅብሻል።"

ተውኩት።