ዶዘሯ የረታችበት አርብ

ልጅ እያለሁ አርብ ገበያ በምትባለው የገጠር ከተማችን የነበረው ጌም ቤት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአጎቴ የሙሉቀን። የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት፣ በሩ ላይ ብርሃን እንዳያስገባ ያረጀ ብርድ ልብስ የተንጠለጠለበት። ገባ ሲሉ የጋለ ቴሌቪዥን፣ የላብና የተቆላ ሽምብራ ሽታ ይቀበላል። ወንዶቹ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ደብተራቸውን ሸሚዛቸው ውስጥ ወሽቀው በቀጥታ ወደዚያ ነበር። እኛ ሴቶቹ ደግሞ የብርድ ልብሱ ቀዳዳ ላይ ተራ በተራ አንድ ዓይናችንን እንለጥፋለን። ሙሉቀን ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። "ሴት ልጅ እዚህ ካስገባሁ እናቶቻችሁ በቁሜ ይበሉኛል" ይል ነበር፤ እናቶቻችንን ስለማውቃቸው አልፈርድበትም።

እኔ ግን ከሌሎቹ ሴቶች የምለይበት ነገር ነበረኝ። ቤቱን ጠዋት ጠዋት የምጠርግለት እኔ ነኝ። ወለሉን ውሃ ረጨት ረጨት አድርጌ ጠርጌ ስጨርስ ሙሉቀን ማሽኑን ይከፍትልኝና "ቶሎ በይ፣ ሰው ሳይመጣ" ይለኛል። ጆይስቲኩ በልጆቹ ላብ ወዝቶ ጥቁር ሆኗል፣ አንደኛው ቁልፍ በኃይል ካልተጫኑት አይሠራም። ያችን ጠዋት ከምንም በላይ እወዳት ነበር። ማንም ሳያየኝ፣ ማንም ሳይስቅብኝ፣ ከማሽኑ ጋር ብቻዬን እፋለማለሁ።

የጨዋታው ስም በእንግሊዝኛ ስለነበር ማናችንም አንብበን አናውቅም፤ "ጠረጴዛው" ነበር የምንለው። ትንንሽ የመጫወቻ መኪናዎች ቁርስ የቀረበበት ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ይጋጠማሉ። ሹካው ድልድይ ነው፣ የተገለበጠው ሳህን ኮረብታ። ወተት ውስጥ የተበተነ ነገርም ነበር፤ ፈረንጆች ለቁርስ የሚበሉት መሆኑን ያወቅሁት ከተማ ገብቼ ነው። ያኔ ሁላችንም ቆሎ ነው ብለን ተስማምተን፣ ቆሎውን ወተት ውስጥ የደፋው ባለጌ ማን እንደሆነ ነበር የሚገርመን። መኪናዎቹ መንገድ ላይ ካገኙት ሳጥን መሣሪያ ያነሳሉ፤ አንዱ ከጣሪያው መዶሻ ያወጣል፣ አንዱ አተር ይተኩሳል። ከጠረጴዛው የወደቀ ወጣ፣ መጨረሻ ላይ የቀረ አሸነፈ።

ወንዶቹ የሚሻሙት ቀይዋን የውድድር መኪና ነው። እኔ የወደድኋት ቢጫዋን ዶዘር ነበር። መንገድ ሲሠራ ዶዘር ገደል ሲንድ ከአባቴ ጋር ቆሜ አይቻለሁ፤ የማይቸኩል፣ ያገኘውን ሁሉ እየገፋ የሚሄድ ነገር ነው። ጨዋታው ውስጥም ቀርፋፋ ናት፤ ስለዚህ ከእኔ በቀር የሚመርጣት አልነበረም። ደረቷን አዙራ ከተጠጋች ግን ቀይዋም ሆነች ሌላዋ አትቆምላትም።

አርብ አርብ ደግሞ ቤቱ ይጨናነቃል። ገበያተኛው አህያውን አስሮ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ሙሉቀን ጋ ያስቀምጣል፤ ስልክ የምቀበለውና የምመልሰው እኔ ስለነበርሁ በዚያ ቀን ብቻ ከወንዶቹ ጋር ቤት ውስጥ እቆማለሁ። ያን አርብ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አንተነህ ነበር። ያሸነፈ ስለማይነሳ አንተነህ ሁልጊዜ እንደተቀመጠ ነው። በቀይዋ መኪና ጓደኞቹን አንድ በአንድ ጠራርጎ ከጨረሰ በኋላ ወደ ኋላው ዞር አለና "ኧረ የሚችለኝ ጠፋ እንዴ?" አለ።

"እኔ እችልሃለሁ" አልሁት። አፌ ነው የቀደመኝ።

ሳቁ ቤቱን ሞላው። አንተነህ ግን አልሳቀም፤ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። "ትጫወት" አለ ለሙሉቀን። "ከተሸነፈች ግን ለመጥረግም እዚህ ቤት አትገባም።"

"ካሸነፍሁስ?"

"ካሸነፍሽ ሴቶቹም እንደኛው ተራ ይያዙ።"

ሙሉቀን ራሱን አከከ፤ ልጆቹ "ትጫወት፣ ትጫወት" ሲሉበት እሺ አለ። የጠዋቷን ጨዋታዬን እንዳስያዝሁ የገባኝ ጆይስቲኩን ከጨበጥሁ በኋላ ነው።

ዶዘሯን ስመርጥ እንደገና ሳቁ። አንተነህ ቀይዋን እያስጋለበ ሳህኑን ዞሮ በአተር ደበደበኝ፤ ሹካው ላይ ጠብቆ በመዶሻ አናቴን አለኝ። አንዴ ልወድቅ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። አልቸኮልሁም። እሱ ሲዞር እኔም በመሀል ቀስ ብዬ እዞራለሁ፤ እሱ ሲተኩስ ደረቴን እሰጠዋለሁ። ተናደደና እየበረረ መጣብኝ፤ ሲላተመኝ ፍጥነቱ አለቀ። ያኔ ያዝሁት። ክፉውን ቁልፍ ባለ በሌለ ኃይሌ ተጭኜ መግፋት ጀመርሁ። ቀይዋ ጎማዋ እየተሽከረከረ፣ ወተቱን እየረጨች ወደ ጠርዙ ተንሸራተተች። አፍንጫዋን ወደ ላይ አንስታ ስትሄድ በዓይኔ አየሁ።

መብራት ጠፋ።

ብርድ ልብሱን ገለጡት፤ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆኖ የሁላችንን ፊት ያሳያል። "ወድቋል!" አልሁ። አንተነህም "አልወደቅሁም፣ ገና ጠርዙ ላይ ነበርሁ" አለ። ልጆቹ በአንድ አፍ "አላሸነፈችም፣ ስለዚህ ትውጣ" ብለው ተነሱ። ሙሉቀን "መብራት ሲመጣ ድገሙት" ቢልም የሰማው የለም። መብራቱ ደግሞ አንዴ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ዕንባዬ መጣ፤ በንዴት ዋጥሁት።

ግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አያ ፈንታ ተቀምጠው ነበር። ስልካቸውን ቻርጅ ሰክተው የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። በእኛ አገር ድንበር የተገፋበት፣ አዝመራውን ከብት የበላበት ሰው የሚሮጠው እሳቸው ዘንድ ነው። ዱላቸውን መሬት መታ አደረጉና "ኑ እስኪ ወዲህ። ጠባችሁ ምንድን ነው?" አሉ።

ሁለታችንም እኩል ጀመርን። "ተራ በተራ። ከሳሽ ትቅደም" አሉኝ። መኪናዋን ከጠረጴዛ ገፍቼ እንደጣልኋት ነገርኋቸው።

"ሰው ነበረባት?"

"የለባትም፣ አያ። መጫወቻ ናት።"

"እግዜር ይመስገን" አሉ ከልባቸው። አንተነህን ሰሙ። ከዚያ ዱላቸውን ወለሉ ላይ አጋደሙና "ይኸ የጠረጴዛው ጠርዝ ይሁን፤ ወዲህ ጠረጴዛው፣ ወዲያ ገደሉ" አሉ። የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ዶዘሯ ሆነች፣ የክብሪት ቀፎ ቀይዋ መኪና። ሲስቁ የነበሩት ልጆች ሁሉ ጸጥ ብለው ዱላውን ከበቡ።

"ምስክር ቁጠሪ" አሉኝ።

ሙሉቀን አፉን ሲከፍት "አንተ አጎቷ ነህ፣ አትቆጠርም" ብለው አስቆሙት። ልጆቹን አየኋቸው፤ ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ። የሚመሰክርልኝ አንድ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ምን እንደገፋፋኝ ዛሬም አላውቅም፤ ጣቴን አንስቼ ወደ አንተነህ ቀሰርሁ።

"እሱን እቆጥራለሁ።"

አንዱ ልጅ ሳቅ አፈነ። አያ ፈንታ አልሳቁም። "ባላጋራዋን ቆጠረች፤ ሕግ ነው፣ ይቻላል" አሉና ወደ አንተነህ ዞሩ። "አትማል፣ ቃልም አልፈልግብህም። ክብሪቷን አንሳና መብራቱ ሲጠፋ መኪናህ የነበረችበት ቦታ ላይ አስቀምጣት።"

አንተነህ ክብሪቱን አነሳ። ጓደኞቹን አየ፣ እኔን አየ። ክብሪቷን ከዱላው በላይ ያዛትና እጁ እዚያው ቀረ። ከውጭ የገበያው ሁካታና የአህያ ጩኸት ይሰማል። ከዚያ ልጁ ትንፋሹን ለቀቀና ክብሪቷን ከዱላው ወዲያ አስቀመጣት፤ ቀስ ብሎ በጀርባዋም ገለበጣት።

"ረታሽ" አሉ አያ ፈንታ። "አንተም ተረትተሃል፤ በርታ፣ ሰው ነህ።" ዱላቸውን አንስተው ስለ ስልካቸው ጠየቁኝ።

እኔ ግን እሳቸውን ረስቼ ብርድ ልብሱን ገንጥዬ ነው የወጣሁት። በር ላይ ለቆሙት ጓደኞቼ "ግቡ፣ ተራ ያዙ!" እያልሁ ጮህሁ። መብራት እንደሌለ እንኳ ትዝ አላለኝም። ገብተው ጨለማው ቤት ውስጥ፣ ከጠፋው ቴሌቪዥን ፊት፣ እየተሳሳቁ ተሰለፉ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። መብራት ሲመጣ ወንበሬን ለእነሱ ለቀቅሁ፤ ስንቴ ተሸንፈው በመጨረሻ አንዷ አንተነህን አስነሳችው፣ እኔ ደግሞ እሷን አስነሳኋት። "ዶዘሯ" የሚለው ስም በሰፈሩ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

አሁን የምኖረው ደብረ ታቦር ነው። የሙሉቀን ቤት ጌም ቤት መሆኑ ከቀረ ቆየ፤ ልጆቹም ጨዋታቸውን በየኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። የእህቴ ልጅ በቀደም አጠገቤ ተቀምጣ በስልክ መኪና ስታጋጥም አየኋት፤ ጎበዝ ናት። ስታሸንፍ ስልኩ ርችት ተኮሰላት፣ ወርቅ ረጨላት፣ ስሟን በትልቁ ጻፈላት። እሷ ቀና እንኳ ሳትል ቀጣዩን ነካች። ማንን እንዳሸነፈች ጠየቅኋት። "እኔ እንጃ" አለችኝ፤ "አንድ ሰው ነው።"

ደስ እንዲላት ስለምፈልግ "ጎበዝ" ብዬ ራሷን ዳበስኋት። ግን አሳዘነችኝ። ለእኔ ርችት የተኮሰልኝ፣ ስሜንም የጻፈልኝ የለም፤ ስክሪኑም ጨልሞ ነበር። ማሸነፌን የነገረኝ ያሸነፍሁት ልጅ ራሱ ነው።