ቆጣሪው እና የምትጮኸው ብስክሌቱ

የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሰው ግቢ እየገባ፣ ጎንበስ ብሎ የብረት ክዳን እያነሳ ቁጥር ሲጽፍ ስለኖረ፣ ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ቆጣሪው» ይለዋል። «ቆጣሪው መጣ!» ሲባል ሰውየው ይሁን መሣሪያው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መሣሪያው እግር የለውማ።

ጎልማሳ ነው፤ ትዳር አልያዘም። የሚኖረው ልብስ ሰፊ ከሆነች ታላቅ እህቱ ጋር ነው። ከእህቱ ቀጥሎ በዚህ ዓለም የሚሳሳላት ብትኖር ብስክሌቱ ናት። ብስክሌቷ ደግሞ፣ ምኗን ልንገራችሁ፣ የመሥሪያ ቤቱ አጥር ተቀብቶ በተረፈ አረንጓዴ ቀለም ከነሰንሰለቷ የተቀባች፣ የፊትና የኋላ ጎማዋ በመልክ የማይዛመዱ፣ ከራሷ ቀድሞ ሲጢጥታዋ የሚደርስ ነበረች።

አንድ ሰኞ የሥራ ባልደረባው አዲስ ብስክሌት ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተሰረቀ። ቆጣሪው ያን ቀን ምሳ አልወረደለትም። እቤት ገብቶ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ፣

«እታለም፣ ማንቂያ ልሠራላት ነው» አለ።

«ለማን?»

«ለብስክሌቴ ነዋ! ሌባ ሲነካት የምትጮህ።»

እህቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ በመነጽሯ አናት ላይ አየችው። «ያንተን ብስክሌት ሌባ ቢያያት አዝኖ ጎማ ይቀይርላታል እንጂ አይወስዳትም።»

ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ከአሮጌ ዕቃ ተራ የመኪና ክላክስ፣ ከሞተር ብስክሌት ጠጋኝ ደግሞ ጡረታ የወጣ ባትሪ አመጣ። የእህቱን የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ግማሹን ወረሰ። የአሠራሩ ሐሳብ ቀላል ነበር። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ የብሎን ዳዶ በቀጭን ሽቦ ይንጠለጠላል፤ ዙሪያውን የመዳብ ቀለበት አለ። ብስክሌቷ ዝም ብላ ከቆመች ዳዶውም መሃል ላይ ዝም ይላል። ሰው ካንቀሳቀሳት ግን ተወዛውዞ ቀለበቱን ይነካል፤ መስመሩ ይገናኝና ክላክሱ ያምባርቃል። ማጥፊያው ከኮርቻው ሥር ተደብቋል።

በወረቀት ላይ እንከን አልነበረውም። ግቢ ውስጥ ግን ነፋስ ሲነፍስ ጮኸ። ድመት ስትዘልበት ጮኸ። ከአጥር ውጭ የጭነት መኪና ሲያልፍ ጮኸ። አንዴማ ማንም አጠገቡ ሳይደርስ ጮኸና ቆጣሪው ራሱ «አስነጥሼ ነበር» ብሎ አመነ።

በአሥረኛው ቀን እህቱ መቀሷን አስቀምጣ ቆርቆሮው ውስጥ አጮለቀች።

«ቀለበቱን አስፋዋ! እንዲህ ጠቦ የተሰፋ ልብስ እንኳን ሲሄዱበት ሲተነፍሱበትም ይተረተራል።» ቀጥላም ከሣጥኗ አንድ ትልቅ ሰማያዊ የካፖርት ቁልፍ አውጥታ ወረወረችለት። «ሽቦህንም በዚህ ቀዳዳ አሳልፈው፤ ከቆርቆሮው ጋር አይነካካብህም።»

ሠራ። ከዚያ ወዲያ ሰውየውን የሚችለው ጠፋ። ቁጥር ሊያነብ የገባበት ቤት ሁሉ «እስቲ አንዴ ነቅነቅ ያድርጓት» እያለ ባለቤቶቹን በር ድረስ ይጎትታል። አንዲት እናት ስንት ሰዓት እሹሩሩ ብላ ያስተኛችውን ሕፃን ከቀሰቀሰባት በኋላ፣ «ቆጣሪው ከመጣ የለንም በሉት» የሚል ትእዛዝ በየቤቱ ተላለፈ።

መሥሪያ ቤቱም አልቻለውም። አንድ ቀን ዘበኛው ብስክሌቷን ወደ ጥላ ፈቀቅ ባደረጓት ቁጥር እያምባረቀች ስብሰባ ሦስት ጊዜ አቋረጠች። የክፍሉ ኃላፊ በመስኮት ብቅ አለ።

«ወይ ዝም አሰኛት፣ ወይ አብረሃት ቁም!»

ቆጣሪው እያጉረመረመ ማጥፊያውን ተጫነ። ከምሳ ሲመለስ ብስክሌቷ ባቆማት ቦታ ቆማለች። ቆርቆሮው፣ ክላክሱና ባትሪው ግን የሉም። ሽቦው በሥርዓት ተቆርጧል።

ዘበኛው ሊያጽናኑት ፈልገው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ብስክሌቷን እንኳ ዞር ብለውም አላዩአት» አሉት።

ማታ ለእህቱ ሲነግራት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እንግዲህ ዕቃ የሚያውቅ ሌባ ነው» አለችው። ይቺን ቃል ቆጣሪው ለሁለት ቀን ሲያላምጣት ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን፣ ሌባው ከነበረው ሁሉ መርጦ የእሱን እጅ ሥራ መውሰዱን እያሰበ በመንገድ ላይ ብቻውን ፈገግ ሲል ታየ።

ከወር በኋላ አንድ ግቢ ውስጥ አጎንብሶ ቁጥር ሲጽፍ ያንን ድምፅ ሰማ። መጀመሪያ ጎርነን፣ ቀጥሎ ጉንፋን እንደያዘው አውራ ዶሮ ስንጥቅ ይላል። ከሺህ ክላክስ መሃል ይለየዋል። የውሃ ቆጣሪውን ክዳን እንደተከፈተ ጥሎ ሮጠ።

ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ቀይ ሞተር ብስክሌት ላይ የታሰረ የብስኩት ቆርቆሮ በጫማዋ ትደበድባለች። አዋላጅ ናት፤ እናቶችን ቤት ለቤት እየዞረች የምታይ።

«ኧረ አይምቱት!» አላት።

«እንዴት አልመታው? ስገዛው ሌባ ይከላከላል ተባልኩ፤ በየአራስ ቤቱ በር እየጮኸ አሰደበኝ እንጂ!»

ቆጣሪው «የኔ ነው፣ ተሰርቄ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ግን ቆርቆሮውን አየና ሌላ ነገር አንገበገበው።

«ማነው እንዲህ አጋድሞ ያሰረው? ዳዶው እኮ ቀለበቱ ላይ ተኝቷል!»

«የሸጠልኝ ሰው ነው ያሰረልኝ። እርስዎ ያውቁበታል እንዴ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

አዋላጇ እሱን አየች፤ አረንጓዴዋን ብስክሌት አየች፤ መልሳ እሱን አየች። ማመን ቢከብዳት አይፈረድባትም።

«ይክፈቱት፤ ሰማያዊ የካፖርት ቁልፍ ያገኛሉ» አለ።

ተከፈተ፤ ቁልፉ አለ። አዋላጇ ክው አለች። «የተሰረቀ ዕቃ ነው የገዛሁት? በቃ ይውሰዱት! አሁኑኑ ይፍቱት!»

ቆጣሪው መፍቻውን አወጣ። ቀይዋን ሞተር እንዳየ እጁ ተያዘ፤ ይቺ ሴት ለምጥ በተጠራች ቁጥር በማታውቀው ሰው በር ላይ ጥላት ነው የምትገባው።

«እርስዎ ጋ ይሁን» አለ። «ሌባ የሚመኘው የርስዎን ነው።» ይህን ሲል ወደ ራሱ ብስክሌት ላለማየት ፊቱን አዞረ።

ቆርቆሮውን ቀጥ አድርጎ አሰረላት። ክላክሱ ግን ለአራስ ቤት የሚሆን አልነበረምና፣ ቅዳሜ እቤቱ ብትመጣ ለስለስ ባለ ደወል እንደሚቀይርላት ነገራት።

ቅዳሜ መጣች። እህቱ ጠረጴዛዋን ከክርና ከብጥስጣሽ ጠርጋ ሻይ አቀረበች፤ ለደንበኞቿ እንኳ አድርጋው አታውቅም። ቆጣሪው አንዷን ብሎን ሦስት ጊዜ ሲያጠብቅና ሲያላላ፣ እህቱ የወንድሟን የሕይወት ታሪክ ከልጅነቱ ጀምራ አንድም ሳታስቀር ተረከች። ከጣራ ላይ የወደቀበትንም ቀን አልዘለለችም።

ደወሉ ከተቀየረ ወራት አልፈዋል፤ አንድም ቀን ያለቦታው አልጮኸም። አዋላጇ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቅ ማለቷን አልተወችም። ጎረቤት ሲጠይቀው ቆጣሪው «የቴክኒክ ምርመራ ነው» ይላል፣ ኮስተር ብሎ። ባለፈው ቅዳሜ ምርመራው ሳይጀመር ዝናብ ወረደና ሁለቱም በረንዳው ላይ ተጠልለው ወሬ ጀመሩ። ዝናቡ አባራ፤ ግቢው ደረቀ። መፍቻው ከኪሱ አልወጣም። እህቱ ሁለት ጊዜ በመስኮት አይታቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ መጋረጃውን ቀስ አድርጋ መልሳ ወደ ስፌቷ ሄደች።