ሺህ ባዶ ኪሎ ሜትር

ትራንሲቶ ኩስፖካ ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አርባውን ዓመት በብስክሌት ወተት አመላልሳለች። ከፊት አንድ ጋን፣ ከኋላ ሁለት፤ ጎህ ሳይቀድ ከሳን ሮኬ መንደር ተነስታ፣ አቀበቱን ወጥታ፣ ጫፉ ላይ ትንፋሽዋን ሰብስባ፣ ከዚያ ቁልቁል እስከ ሎስ ሳውሴስ ከተማ። ስትመለስም ባዶዋን አትመለስም። ጨው፣ ሻማ፣ የላም መድኃኒት፣ የሰው ጫማ። በአገሯ በቦያካ ተራሮች ባዶውን የሚያልፍ ብስክሌት የለም። ደጃፉ ላይ የቆመ ሁሉ "መሄድሽ ካልቀረ" ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መቀበል ነው። እምቢ ያለ ሰው፣ ልጁን ሲድር ድንች የሚልጥለት ጎረቤት አያገኝም።

ባሏ ሲልቫኖ ግን እሁድ እሁድ ባዶውን ይወጣ ነበር። ደማቅ ማሊያ ለብሶ፣ በቀላል ብስክሌት፣ ከጓደኞቹ ጋር ይሽቀዳደማል። ሽልማቱ አንድ በግ ነው። አንድ እሁድ አቀበቱ ላይ ደርሶባት አለፈ። እሷ ከነጋኖቿ ነበረች። ከጀርባዋ ስለመጣ አላወቃትም። "በርቱ እሜቴ!" ብሎ ጮኾላት ሄደ። ማታ ስትነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ያየችው ነገር ግን ከዓይኗ አልጠፋም፤ የሰውዬው ጎማ መሬት የነካ አይመስልም ነበር።

ሲልቫኖ ሞተ። ወተቱንም መኪና እየዞረ ይሰበስበው ጀመር። ባለፈው ኅዳር የአጥንት ሐኪሙ ጉልበቷን በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ "ከፋሲካ በኋላ እንቀይረዋለን። ከዚያ ወዲያ ብስክሌት የለም" አላት።

"እስከ ፋሲካስ?"

"እስከ ፋሲካ ጉልበቱ የእርስዎ ነው" አለ ሐኪሙ።

በዚያ አገር በጋው ከሰብአ ሰገል በዓል ማግስት ይጀምርና፣ ቅዱስ ዮሴፍ በመጋቢት በዓሉ ዝናቡን ይዞ ሲመጣ ያበቃል። ትራንሲቶ በዚህ መሃል ሺህ ኪሎ ሜትር ልትነዳ ወሰነች። ባዶዋን። ማንም ሳይልካት፣ ምንም ሳትይዝ። የኋላውን እቃ መጫኛ በመፍቻ ፈትታ ጓሮ ጣለችው፤ ዶሮዎቹ ሰፈሩበት። ከኮርቻው ሥር ያለችውን ትንሽ የቆዳ ከረጢት ብቻ ተወቻት። ውስጧ ትርፍ ካላማዳሪያና ማጣበቂያ አለ። "ይሄ የብስክሌቱ ነው፤ የኔ አይደለም" ብላ ለራሷ ፈረደች። ሕጉም አንድ ነው፤ ዕቃ የተጫነበት ጉዞ አይቆጠርም።

መጀመሪያ ሰሞን መንደሩ አልገባውም።

"ዶኛ ትራንሲቶ፣ መሄድሽ ካልቀረ ይችን ዶሮ ለእህቴ አድርሺልኝ።"

"መሄዴስ አልቀረም፤ ዶሮዋ ግን ትቀራለች።"

"ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው?"

"ምንም።"

"ምንም ላለመሥራት ሎስ ሳውሴስ ድረስ? እዚሁ ተቀምጠሽ ምንም አትሠሪም?"

አንዳንዶቹ ተቀየሟት። አንዷ ጎረቤት በሯን ስታልፍ ማየት ስላልፈለገች ወንበሯን ወደ ጓሮ አዞረች። ትራንሲቶ ይህን ሁሉ አየች፤ ፔዳሏን ረገጠች።

ባዶ ብስክሌት ሌላ እንስሳ ነው። አርባ ዓመት የምታውቀው መንገድ አላወቃትም። ከመንደሩ በላይ ጭጋጉ ውስጥ ስትገባ ድምፅ ሁሉ ከኋላዋ ይቀራል፤ የሰንሰለቱ ሹክሹክታ ብቻ ይከተላታል። ባሕር ዛፎቹ አንድ በአንድ ከነጩ ውስጥ ብቅ ብለው ያዩዋትና ተመልሰው ይገባሉ። ላሞቹ እግር የላቸውም፤ ጀርባቸው ብቻ አየር ላይ ይንሳፈፋል። አንዳንዴ እሷ ወደፊት እየሄደች ይሁን መንገዱ ከሥሯ እየተሳበ አይለይላትም። አንድ ጧት ከፊት ለፊቷ የጋን መንኳኳት ሰማች። የጋን ብረት ከጋን ብረት ሲጋጭ። አንዲት ወጣት ሴት ጎንበስ ብላ፣ ተጭና ስትመጣ ሊታያት ምንም አልቀረው። የላም ቃጭል ነበር።

በጥር ማብቂያ ከሚውለው የሻማዋ ማርያም በዓል ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ጫፉን አልፋ ቁልቁል ስትወርድ፣ ጠምዛዛው ላይ ፍሬን ይዛ ነፋሱ ከኋላዋ ሲነሳ፣ የትንባሆ ሽታ ይደርሳታል። ሲልቫኖ የሚያጨሰው ዓይነት፣ ያልተለኮሰ፣ ጣፋጭ ሽታ። ዞራ አታይም። የዞረ ሰው ይወድቃል። ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ ብላ ለሌላ ብስክሌት የሚሆን ቦታ ትተዋለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለቄሱም ቢሆን።

አቀበቱ ጫፍ ላይ የሮሰንዳ ሱቅ አለ። ሮሰንዳ አበልጇ ናት፤ የበኩር ልጇን ትራንሲቶ ናት ክርስትና ያነሳችላት። ከሱቁ ጀርባ ወንዶቹ የብረት ዲስክ ወርውረው ባሩድ የሚያፈነዱበት የጨዋታ ሜዳ አለ፤ ነጥባቸውን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ይጽፋሉ። ከነጥባቸው ጎን ሮሰንዳ ለትራንሲቶ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ለየችላት። ደርሶ መልሱ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ትራንሲቶ ከሎስ ሳውሴስ በተመለሰች ቁጥር ሮሰንዳ አንድ ጭረት ታሰምራለች። ስትሄድም ስትመለስም ጥቁር የአገዳ ስኳር የሟሟበት ሙቅ ውሃ ታቀርብላታለች። ብስክሌቷ ደጅ ግድግዳ ተደግፋ ትቆያለች።

ቅዱስ ዮሴፍ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ለሺሁ አንድ ጭረት ቀረ። በምሥራቅ በኩል ደመናው እንደ በግ መንጋ ተጠጋግቷል።

"ዛሬ ነው አበልጄ!" አለች ሮሰንዳ ሙቁን እየቀዳች። "ኦዶሪኮ ርችት ገዝቷል። ስትመለሺ ሰማዩን እንበሳዋለን።"

ኦዶሪኮ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጠዋትም ማታም ከዚያ ሱቅ አይጠፋም። "ዳገቱን በጉልበትሽ ድረሺ እንጂ፣" አላት፣ "እንደ ልጆቹ የመኪና ጭራ ይዘሽ እንዳትመጪ!"

"ያንተን መኪና ይዤ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሜዳው ላይ ነበርኩ።"

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ትራንሲቶ ወረደች።

ሦስተኛው ጠምዛዛ ላይ ሽታው መጣ። ወደ ቀኝ ጠጋ አለች። የጠጋችበት ቦታ ስለታም ጠጠር ነበረበት። የኋላው ጎማ ተንፍሶ ቸርኬው አስፋልቱን ፋቀ። በጋውን ሙሉ አንድም ጊዜ ጎማ አልተነፈሰባትም ነበር። ወርዳ ብስክሌቷን ገለበጠች። ከረጢቷን ከፍታ ካላማዳሪያውን ሳበች። ከካላማዳሪያው ጋር፣ በደረቅ የሙዝ ቅጠል የተጠቀለሉ ሁለት ጥቅል ትንባሆዎች ወጡ።

አፍንጫዋ አስጠጋቻቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረች። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

ጎማዋን ቀይራ ስትጨርስ እጆቿ ጥቁር ነበሩ። ትንባሆዎቹን ገደል ልትወረውራቸው አነሳች። አልወረወረችም። የሰው አደራ ነው፤ የማን እንደሆነ ባታውቅም።

ብዙም ሳትቆይ አወቀች። ሎስ ሳውሴስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ የሮሰንዳ አባት ዶን ኤሊዮዶሮ ተቀምጠዋል። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ከታናሽ ልጃቸው ጋር ከተማው ውስጥ ነው የሚኖሩት። ትራንሲቶ ሁልጊዜ ብስክሌቷን ከወንበራቸው ጎን አቁማ፣ ድንግልን ልትሳለም ትገባለች። ዛሬ አልገባችም። ሽማግሌው ይህን ሳያዩ እጃቸውን ወደ ኮርቻው ሥር ሰደዱ።

"አይድከሙ ዶን ኤሊዮዶሮ። እዚህ ነው ያለው።"

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። "ዛሬ ድንግልን ሳትሳለሚያት?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"ዶን ኤሊዮዶሮ።"

"ከሻማዋ ማርያም" አሉ ሽማግሌው። "አንድ ቀን አላጓደልሽም፣ እግዜር ይስጥሽ። ልጄ ቤት ትንባሆ ክልክል ነው። ሐኪሙ ይገድልዎታል አለኝ። በዘጠና ዓመቴ! ምን አስቸኮለው?"

"ጭነት አሸክመውኛል።"

"ይሄ ነው ጭነት? ከመቁጠሪያሽ ይቀላል እኮ ልጄ።"

"መቁጠሪያዬን ለራሴ ነው የምይዘው።"

ሁለቱን ትንባሆ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። አንዱን አንስተው በረዥሙ አሸተቱ። "ሲልቫኖ ይሄንኑ ነበር የሚያጨሰው። ከሮሰንዳ ሱቅ።"

"አውቃለሁ" አለች።

መመለሻው ረዥም ነበር። ጭጋግ የለም፤ ላሞቹ አራት አራት እግር አላቸው። ጠምዛዛው ላይ አፈር አፈር ብቻ ሸተታት። ጎኗን ለማንም አልለቀቀችም፤ የመንገዱን መሃል ይዛ ወጣች። ጉልበቷ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይሰማታል።

ሱቁ ደጃፍ ስትደርስ አጨበጨቡላት። ኦዶሪኮ ክብሪቱን ይዟል። ሮሰንዳ ጠመኔውን ከፍ አድርጋ የመጨረሻውን ጭረት ልታሰምር ስትል የትራንሲቶን ፊት አየች። እጇ ቆመ።

"ጎማዬ ተነፈሰ" አለች ትራንሲቶ።

ሮሰንዳ ቀስ ብላ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኦዶሪኮ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ። "ምንድን ነው እሱ? ሰው ሞተ?"

"ትንባሆ ነው" አለች ሮሰንዳ። "ለአባባ። ከረጢቷ ውስጥ።" ወደ አበልጇ ዞረች። "ብጠይቅሽ እምቢ ትይኝ ነበር።"

"እል ነበር።"

"ስለዚህ አልጠየቅኩሽም። አባቴ ነው፣ ትራንሲቶ።"

"አባቱስ ያንቺ ነው። መንገዱ ግን የኔ ነበር።"

ኦዶሪኮ ጣልቃ ገባ። "ሴቶች፣ እስኪ በሕግ እንነጋገር። ትንባሆው የተጫነው ከዚህ ወደ ታች ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጭነት ራሱን በራሱ ይሸከማል። ስለዚህ አልተጫነም።"

"አንተ ቁልቁለት ላይ ስንት ፍሬን አቃጠልክ፣ ኦዶሪኮ?"

"እሱ የድንጋይ ጭነት ነበር! ይሄ ሁለት ትንባሆ ነው! ከብዶሽ ነበር? ተሰምቶሽ ነበር?"

"ተሰምቶኝ ነበር" አለች ትራንሲቶ።

ይህ ሮሰንዳን አልገባትም፤ ከፊቷ ግን አንድ ነገር አነበበች። "ማንም አያውቅም እኮ" አለች ዝግ ባለ ድምፅ። "እኛና አባባ ብቻ። ላስምረው አበልጄ። ጉልበትሽ ሊቀየር ነው። ከርሞ የለም። ሺህ ነው፣ በቃ።"

እውነቷን ነበር፤ ከርሞ የለም። ትራንሲቶ ግድግዳውን ቆማ አየችው። ጭረቶቹ ከሩቅ እንደ አጥር ያምራሉ። ወደ ግድግዳው ሄዳ የሱፍ ካባዋን ጫፍ በሙቁ ነከረችና፣ ከሻማዋ ማርያም ወዲህ ያሉትን ጭረቶች ከመጨረሻው ጀምራ እየመለሰች አጠፋች። ከሺሁ የቀረው ሩቡ ያህል ነው። ግድግዳው ላይ የስኳር እርጥበት ቀረ፤ ዝንቦች ወዲያው ሰፈሩበት።

"ይሄ ነው የኔ" አለች።

ሮሰንዳ ማልቀስ ጀመረች። "በሁለት ትንባሆ ልትጣይኝ ነው?"

"አልጣላሽም። ሐሙስ ራስሽ ውሰጂላቸው። ይጠብቁሻል።"

"በምን እሄዳለሁ?"

"አውቶቡስ አለ። እግርም አለሽ። ደግሞ ትንባሆውን ብቻ አይደለም የሚፈልጉት፤ ድንግልን እንኳን ሳይሳለሙ ያን ወንበር ላይ የሚጎለቱት ሰው ጠብቀው ነው።"

ሮሰንዳ አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገች።

"ርችቱስ?" አለ ኦዶሪኮ።

የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ወደቀ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ቁጥር ጠፋ። ወንዶቹ ባሩዳቸውን ሊያነሱ ወደ ሜዳው ሮጡ። ዝናቡ ሁለት ቀን ቀድሞ መጥቷል።

ትራንሲቶ ወጣች። ሮሰንዳ ከበሩ ሆና ዝናቡ እስኪያባራ እንድትቆይ ለመነቻት፤ አልቆየችም። ወደ ሳን ሮኬ ወረደች። ውሃው በመንገዱ ግራና ቀኝ አብሯት ይሮጣል፤ አንዳንዴ ይቀድማታል። የቤቷን በር ስትደርስ ፍሬን ልትይዝ ነበር። ጣቶቿ ፍሬኑን ነኩት፤ አልጨበጡትም። በሩ አለፈ። የጎረቤቷ ወንበር አለፈ። ቤተ ክርስቲያኑ አለፈ። ከመንደሩ መጨረሻ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በግራ በኩል ያለውን ሄዳበት አታውቅም። በዚያ በኩል ወተት የሚገዛ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ወደ ግራ ታጠፈች።

አስፋልቱ አልቆ ጠጠር ሆነ። ባሕር ዛፎቹ እዚህ ወጣቶች ናቸው፤ በዝናቡ ይጎነበሳሉ፤ ቀና ይላሉ። አንድ የማታውቀው ውሻ ከአጥር ዘሎ ወጥቶ ጥቂት አብሯት ሮጠና፣ የራሱ መሬት ሲያልቅ ቆመ። የጉልበቷ ሕመም ሩቅ ሄዷል፤ እንደ ሌላ ሰው ሕመም ከወዲያ ማዶ ይሰማታል። ሽታ የለም። እርጥብ አፈር፣ እርጥብ ሱፍ፣ ሌላ ምንም። ትንሿን ጉብታ ስትወጣ ትንፋሽዋ አጠረ፤ ወርዳ ብስክሌቷን ገፋች።

ከጉብታው ማዶ ሐይቁ ተዘርግቷል። ስሙን ከልጅነቷ ጀምሮ ትሰማ ነበር፤ አይታው አታውቅም። ዝናቡ ሲመታው ውሃው ወደ ላይ የሚዘንብ ይመስላል። መሃሉ ላይ አንድ ሰው ጀልባ ውስጥ ቆሞ ምንም አይሠራም። ዳርቻውን ተከትሎ የሚዞር ጠባብ መንገድ አለ፤ መጨረሻው አይታይም።

ትራንሲቶ ኮርቻዋ ላይ ወጣች፤ ፍሬኑን ለቀቀች።